የመለስኩት ከረጢት

ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠሩ የሚጠሩት እኔን ነበር።

የጫካ ሰዎቹ ከወንዙ ማዶ፣ ሸንበቆው ውስጥ ሆነው መጀመሪያ እንደ ወፍ ያፏጫሉ፤ ከዚያ «ሶራ! ሶራ!» ይላሉ። ሙሉ ስሜ ሶራይዳ ነው፤ ለምላሳቸው አይመቸውም፣ እኔም አርሜያቸው አላውቅም። እንግዳ እንዳይደርስባቸው በምንጠብቅበት ጣቢያችን ደንብ የተጠራ ብቻ ነው ወደ ዳርቻው የሚወርደው፤ ያልተጠራ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ካዩ ይደነግጣሉ፤ ከደነገጡ ደግሞ ፍላጻቸው ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ እኔ እወርዳለሁ፤ የእህቴ ልጅ ኔልዳ ቤት ውስጥ ሆና በግድግዳው ስንጥቅ ታያለች። ጣቢያው ላይ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አሠራሩ ይኸው ነበር፤ እኔም ተመችቶኝ ነበር።

ያለፈው ዓመት ዝናቡ አባርቶ ውሃው ሲጎድል፣ አንድ ጠዋት ተፏጨ። ካሳቫ እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን ጥዬ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ ነው ስሙን የሰማሁት።

«ኔልዳ! ኔልዳ!»

ልብ በሉ፣ ስሟን አሟልተው ነው የጠሩት። ለእኔ ሲሆን የሚተሳሰረው ምላስ ለእሷ ተፈታ።

ኔልዳ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «አክስቴ፣ እኔን የጠሩ መሰለኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። ይበልጥ ያናደደኝ አንገት መድፋቷ ነው።

«ጆሮ አለኝ» አልኳት።

«እና… ትገቢልኛለሽ?»

ገባሁ። ምን ላድርግ? ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ኔልዳን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ በወሊድ ስትሞት የራሴን ልጅ ገና መቅበሬ ነበር፤ ጡቴም አልደረቀም። ጥርስ ያወጣችው በእኔ ጡት ላይ ነው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። የማዶዎቹን ንግግርም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኛ ኢኔዎች እነሱን «ኖሞሌ» እንላቸዋለን፤ ዘመዶቻችን ማለት ነው። ድሮ አንድ ነበርን። ጎማ ከዛፍ የሚያልቡት ነጋዴዎች በመጡ ጊዜ የእኛ አያቶች ተገዙላቸው፣ የእነሱ አያቶች ወደ ጫካ ሸሹ። ዛሬ ከሚሉት አሥር ቃል ሰባቱ ይገባናል። የቀሩትን ሦስቱን ከአያቴ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኔልዳንም አንድ በአንድ አጎረስኳት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት እንዲህ ነው።

በስንጥቁ አየኋት። ታንኳው ላይ ሙዝ ጫነች፤ ገመዱን ለቀቀችላቸው፤ እነሱ ከማዶ ጎተቱት። ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሰጣቸው። ታንኳው በሁለቱም ዳር ገመድ አለው፤ ሰው ሳይኖርበት ይሄዳል፣ ሰው ሳይኖርበት ይመለሳል፤ እኛ የእነሱን አሸዋ አንረግጥም፣ እነሱም የእኛን። ጨርቅ አንሰጥም። ፎቶ አናነሳም። እኛን አስነጥሶ የሚያልፈው ሳል እነሱን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ካስነጠስን በቤቱ ፊት ለፊት በተተከለው ረጅም ቀርከሃ ላይ ቀይ ጨርቅ እንሰቅላለን፤ ቀዩን ሲያዩ ሳል እንዳለ አውቀው ይመለሳሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ግን አለመጥራት ነው። እነሱ ሲመጡ እንመልሳለን እንጂ እኛ «ኑ» አንልም።

ይህ ደንብ ከዋና ከተማው ከሊማ የመጣ ሐኪም ከመናገሩ በፊት ገብቶኛል። አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ከአባቴ ጋር ለአደን ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ወጥተን፣ አሸዋ ላይ ስምንት የኖሞሌ የዘንባባ ቅጠል ጎጆዎች አገኘን። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። በአንደኛው ጎጆ ደጃፍ የእንጨት ቆራጮች ሸሚዝ ተንጠልጥሏል። አባቴ እኔን ውጭ አቁሞ ብቻውን ገባ፤ ሲወጣ ወንዙ ዳር ተቀምጦ እጁን በአሸዋ ሲፈትግ ቆየ። «ሳል ነው» አለኝ። ያን ሸሚዝ ረስቼው አላውቅም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ማዶ ካሉት መካከል አንዲት አሮጊት አለች፤ አንድ እግሯን ስለምትጎትት እኔና ኔልዳ ኤሊዋ እንላታለን። የወገኖቿ ሁሉ አፍ እሷ ናት። ሁልጊዜ አንዲት የልጅ ልጅ ከጎኗ አትጠፋም፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ኤሊዋ በሁለተኛው ዓመታችን ከዘንባባ ቃጫ የተሠራ ከረጢት በታንኳው ልካልኛለች። እጄን የምታህል ቋጠሮ ታችኛው ጥግ ላይ አለችው፤ ቃጫው አልቆባት ነው መሰል በሰው ፀጉር ነው የጨረሰችው። ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬው ስነቃ አየዋለሁ፣ ስተኛ አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሌላ ምንም አልሰጠችኝም፤ ምንም አልጎደለኝም ነበር።

ኔልዳን በጠሩ በሁለት ወር ውስጥ ምን ምን እንደላኩላት ልንገራችሁ። የጦጣ ጥርስ ጌጥ። ጥብስ የኤሊ እግር። ማር። በመጨረሻ ደግሞ የቀይ በቀቀን ላባ፣ የክንዴን ግማሽ የሚያህል። ኔልዳ ላባውን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ማዶ ለማዶ ይሳሳቃሉ። ኤሊዋ «መቼ ነው የምትወልጂው? ሆድሽ ሰነፍ ነው እንዴ?» ትላታለች፤ ኔልዳ «ባሉን ፈልጊልኛ!» ትመልሳለች። እኔ ቤት ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ዋሽቼ አላውቅም፣ አሁንም አልዋሽም። ቅናት ነው። ላብሽ፣ ጡትሽ፣ ቃልሽ ሁሉ ገብቶበት የሠራሽውን ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ማየት። ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ላባው የመጣ ቀን አልቻልኩም፤ ሳልጠራ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ «የእኔስ? ለእኔስ ላባ የለም?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ኤሊዋ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሁሉም በሳቅ ሞቱ። ቃሉ ከሰባቱ አንዱ ነው፣ በደንብ ይገባኛል። «ዓይኗ የማይጠግበው» ነው ያለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ እሱ ሆነ።

ወደ ቤት ሮጬ ገብቼ ከረጢቱን ከተሰቀለበት አወረድኩት። ኔልዳ ደርሳ እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልመልስላታለሁ! ለአንቺ ትስጥሽ፤ ላባሽን ትያዢበታለሽ!»

«አብደሻል እንዴ? ያንን ሰውዬ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። ከማዶዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሙ የሰጠውን ፍላጻ ሲመልስለት በዓይናችን አይተናል። እነሱ ዘንድ የተሰጠህን ከመለስክ ዝምድናህን መለስክ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ አሸዋ ላይ ቆመው አላየናቸውም። ከረጢቱን መልሼ ሰቀልኩት። ኔልዳ የዕለቱን ካሳቫ ልጣ ጨረሰችልኝ፤ አላመሰገንኳትም።

ከዚያ ኤልመር መጣ።

ኤልመር የሟቹ ባሌ የወንድም ልጅ ነው። ከታች ያለው የጎብኚዎች ማረፊያ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው። ፈረንጆቹ ድሮ በቀቀን ለማየት ነበር የሚመጡት፤ አሁን በቀቀን ሰለቻቸው፤ የሚፈልጉት ማዶዎቹን ማየት ሆነ። በጣቢያችን ላይና ታች ነጭ የተቀባ ምሰሶ አለ፤ በሁለቱ መካከል ጀልባ መቆም አይችልም። እሱ ግን ያን ቀን ብቻውን መጥቶ መሃሉ ላይ ሞተሩን ቀነሰ።

«እትዬ ሶራይዳ፣ እንደምን አደሩ?»

ሌላ ጊዜ «አንቺ አሮጊት» የሚለኝ ልጅ ዛሬ «አደሩ» ሲል ነገር እንዳለው ገባኝ።

«ደህና። እዚህ መቆም ክልክል ነው።»

«ቆምኩ እንዴ? ውሃው ነው ያቆመኝ» ብሎ ሳቀ። «እንግዶቼ ስለ ኔልዳ ሲጠይቁኝ ነው የሚውሉት።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ኔልዳ ነዋ! የጫካ ሰዎች እናት ነው የሚሏት። ማረፊያው ግድግዳ ላይ ፎቶዋ አለ፣ ይሄን የሚያክል።» እጁን እስከ መጨረሻው ዘረጋ።

«የማን እናት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እነሱ ናቸው ያሉት። እኔማ ‹ኧረ የጀመረችው አክስቷ ናት› ብያቸዋለሁ። ‹ታዲያ ለምን አይጠሯትም?› አሉኝ። ምን ልበላቸው እትዬ? እርስዎው ይንገሩኝ።»

የታንኳውን ገመድ መጠቅለል ያዝኩ። አለመቆጣቴን አየ፤ እንደ ዓሣ አጥማጅ ክሩን ትንሽ ለቀቅ አደረገው።

«ሐሙስ ኔልዳ የለችም አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«መንጋጋዋ ያበጠውን ወንዙ ሁሉ ያውቃል። ጥርሷን ልትነቀል ከተማ መውረዷ ነው። እኔ ምንም አልለምንም እትዬ። ከምሰሶው ውጭ ሆነን፣ ከሩቅ፣ በመነጽር። እውነተኛዋ እናት ማን እንደሆነች ይዩና ይሂዱ። በቃ።»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «ጥፋ» ማለት። እኔ ግን «ምሰሶውን ብታልፍ እግርህን እሰብረዋለሁ» አልኩት። ይህ እሺ ማለት እንደሆነ እሱም ገባው፣ እኔም ገባኝ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ኔልዳ ጉንጯን በጨርቅ አስራ ሌላው ታንኳችን ላይ ወጣች። «ካልጠሩ አትጥሪ እሺ አክስቴ?» አለችኝ።

«መቼ ጠርቼ አውቃለሁ?»

እውነቴን ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጠርቼ አላውቅም።

ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ ዳርቻው ላይ ወርጄ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ሸንበቆው ተነቃነቀ። አሥራ ሁለት ሆነው ወጡ፤ እነሱን መቁጠር ልማዴ ነው። ኤሊዋ ፊት ለፊት፣ ልጅቷ ከጎኗ።

«ኔልዳስ?» አለች ኤሊዋ።

«የለችም። እኔ አለሁ።»

«የት ሄደች?»

«ጥርሷን አሟት።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እኔ አለሁ እኮ እያልኩሽ ነው!»

ሳቁ። «ዓይኗ የማይጠግበው ዛሬም ተቆጥታለች» አለ አንዱ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሙዙን ላክሁላቸው። ኤሊዋ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ስለ ዱር አሳማዎቹ አወራን፤ ላይኛው ሸለቆ ውስጥ የማይታወቅ የመጋዝ ድምፅ እንደሰሙ ነገረችኝ። ያቺ ትንሿ ልጅ ወደ ውሃው ጠርዝ ወርዳ አፏን በጣቷ ከፍታ «ሶራ፣ እዪ!» አለችኝ። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሶራ ብላ ጠራችኝ። ከዚያ በላይ የፈለግኩት አንድም ነገር አልነበረም። ኤልመርን ጨርሶ ረሳሁት።

እሱ ግን አልረሳኝም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በወንዙ ጥምዝ ዞሮ፣ ጀልባውን ለውሃው ለቆ ዝም ብሎ ወረደ። ነጩን ምሰሶ አለፈ። ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ካሜራው ሁሉ ዓይን ላይ ነው። ውሃው ጀልባውን ወደ ማዶዎቹ አሸዋ ወሰደው፤ ልጅቷ ከቆመችበት አምስት እርምጃ ላይ አደረሰው።

ወንዶቹ ቀስት ሳቡ። «ኤልመር! ዞር በል! ዞር በል አንተ የተረገምክ!» እያልኩ ጮህኩ።

«ውሃው ነው እትዬ! ውሃው ነው!» ይላል፤ ሞተሩን ለማስነሳት ገመዱን እየሳበ።

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት አፍንጫዋ የቀላ ሴት ነበረች። ክፉ ሰው አትመስልም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ አለ፤ አፍንጫዋን የምትጠርገው በእሱ ነው። ፈትታ ጠቅለል አደረገችውና ለልጅቷ ወረወረችላት። ሞተሩ ተነሳ፤ ጀልባው ሄደ። ሁሉም ነገር ሙዝ ልጦ እስከመብላት እንኳ አልወሰደም።

ልጅቷ ሻርፑን አንስታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ጫፉን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተች፤ ፈገግ አለች።

«ጣዪው!» አልኳት። «ውሃ ውስጥ ጣዪው! ሳል አለበት!»

ኤሊዋ ወደ ቀርከሃው አየች። «ቀዩ የት አለ?» አለች። «ቀይ የለም። ሳል የለም።»

ልክ ናት። እኛው ነን ያስተማርናት። ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ቀዩን ጨርቅ አመጣሁ፤ ሰቀልኩት። ማዶ ሳቁ በዛ።

«አሁን ሰቀለችው!» አለች ኤሊዋ ለሰዎቿ። «ጨርቁን ስታይ ሰቀለችው። ፈልጋው ነው። ላባውን ፈለገች፣ አሁን ደግሞ ይሄን ፈለገች። የልጅ ነገር ትቀማለች?»

«አልፈለግኩትም! ይገድላታል እኮ ነው የምልሽ!»

«አንቺን ነው የገደለሽ» አለችኝ፤ ሁሉም እንደገና ሳቁ።

እውነት እየተናገርኩ ማንም አያምነኝም፤ የማያምኑኝም እኔው ራሴ በተከልኩት ነገር ነው። ያ ሸሚዝ ዓይኔ ላይ መጣ። ስምንቱ ጎጆ። ልጅቷ ሻርፑን አፏ ውስጥ ከትታ እያኘከች ነው።

ለማስፈራራት ጊዜ የለም፣ ለማስረዳት ቃል የለም። ቀናተኛ ነሽ ካሉኝ፣ ቀናተኛ መሆን ብቻ ነው የቀረኝ።

«አዎ! ፈልጌዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «የእኔ ነው! ለእኔ ነው የተወረወረው! በሙዝ ለውጡኝ!» የቀረውን ሙዝ ሁሉ ታንኳው ላይ ጫንኩ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ገጀራዬን ጨመርኩበት፤ ክልክል ነው፣ ግን ጨመርኩበት። አንዱ ወንድ ገጀራውን አየት አደረገ፤ ልጅቷ አሁንም እንቢ አለች። አያቷም አላስገደደቻትም። ለዘመድ ሲባል ከልጅ አይቀማም፤ ይህም ይገባኛል።

ዝምድናን ያህል የተከፈለበትን ግን አይከለክሉም፤ ስለዚህ ወደ ቤት ገባሁ፤ ከረጢቱን ከአልጋዬ ራስጌ አወረድኩት።

ታንኳው ላይ ሳስቀምጠው ሁለቱም እጆቼ አልለቀው አሉኝ። ከዚያ ገመዱን ለቀቅኩ። ታንኳው ማዶ ደረሰ። ኤሊዋ እግሯን እየጎተተች ወርዳ ከረጢቱን አነሳችው። ገልበጥ አድርጋ ጥጉን ፈለገች፤ ያን በፀጉር የቋጠረችውን ቋጠሮ በጣቷ ዳሰሰችው። ሳቁ ቆመ።

ቀና ብላ አየችኝ። ሰባት ዓመት ስንነጋገር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ሻርፑን ከአንገቷ ላይ ፈታችው፤ ልጅቷ አለቀሰች፤ ኤሊዋ ታንኳው ውስጥ ጣለችው፤ በደህናው እግሯ ገፋችው።

«አሁን ጠገብሽ?» አለችኝ።

«እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጅቷን እጠቧት» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ያንን ካልኩ ግን ለካ ሻርፑን ፈልጋው አይደለም ብለው መልሰው ይጎትቱታል ብዬ ፈራሁ። ታንኳው ገና መሃል ወንዝ ላይ ነው።

«ጠገብኩ» አልኳት።

ሰዎቿን ፊታቸውን አዞረቻቸው። ሙዙን አልወሰዱም፣ ገጀራውንም አልወሰዱም። ሸንበቆው ዘጋባቸው።

ሻርፑን በረጅም እንጨት አንስቼ በጋዝ አቃጠልኩት። ከዚያ እጄን በአሸዋ ፈተግኩ፤ እንደ አባቴ።

በማግስቱ ኔልዳ ስትመጣ ዕቃዋን ሳታወርድ ሁሉንም ነገርኳት። ፉጨቱንም አልደበቅኩም። ጉንጯ አብጦ አንደበቷ በደንብ አይታዘዝላትም ነበር፤ ስለዚህ አልጮኸችም። ብቻ የግድግዳውን ባዶ ሚስማር አየችና «ጠራሻቸው» አለችኝ። «አክስቴ፣ አንቺ ጠራሻቸው።» በሬዲዮ አሳወቀች። ኤልመር ጀልባውን ተነጠቀ፤ መንደራችን ተሰብስቦ እኔን ከጣቢያው ሊያነሳኝ ነበር። ኔልዳ ናት ቆማ የተከራከረችልኝ። «ከእሷና ከእኔ በቀር ቃሉን ሙሉ የሚያውቅ የለም» አለች። በመጨረሻ እንድቆይ ተፈቀደ፤ ዳርቻው ላይ ግን ዳግመኛ እንዳልቆም። ስትከራከርልኝ እንኳ ቀናሁባት፤ እንዲህ ያለች ሰው ነኝ።

አርባ አንድ ቀን ምንም ድምፅ አልመጣም። ኔልዳ ጠዋት ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። ጥንብ አንሣ በጫካው ላይ በዞረ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ተፏጨ።

«ኔልዳ!»

በስንጥቁ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ኤሊዋ አለች። ልጅቷ አለች፤ የፊት ጥርሶቿ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል። የጎደለው ያን ሐሙስ «ዓይኗ የማይጠግበው ዛሬም ተቆጥታለች» ያለው ወጣት ነው። ኔልዳ ስለሱ ጠየቀች። «ላይ ለአደን ቀርቷል» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልታየም። አደን ላይ ነው ብዬ ማመን መርጫለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያቅተኛል።

ኔልዳ ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። ‹ያቺ ዓይኗ የማይጠግበው አለች?› አለችኝ። እነግራታለሁ አክስቴ። ልጅቷን ልታድኚ ነው ያደረግሽው እላታለሁ።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ባለፈው ሌላ ጀልባ ከታች በኩል ሸሚዝ ጥሎላቸው ነበር። በእንጨት ገፍተው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ‹የእንግዳ ጨርቅ አንነካም፤ ጨርቁ ዘመድን ከረጢት ያስመልሳል፣ ሶራን አይተናታል› አለች።»

ሶራ። ስሜን ጠርታዋለች፤ ለዚያ ነገር።

«እንግዲያ አትንገሪያት» አልኩ።

«እስከ መቼ? ሁልጊዜ ስግብግብ ነች እያሉ ሊኖሩ ነው?»

«ይበሉ። ሳል ምን እንደሆነ ከምታስረጃቸው ይኼ በደንብ ገብቷቸዋል። ብትነግሪያት ጨርቁን መንካት ይጀምራሉ። ተዪው ኔልዳ።»

ተወችው። አንድም ቀን አልተናገረችም፤ ምስጢር ትይዛለች፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

አሁን ውሃው እንደገና ጎድሏል። ዛሬ ጠዋት መጥተው ነበር፤ ኔልዳን ጠሯት፣ እኔ እንደ ደንቡ ገባሁ። ልጅቷ ቁመቷ ጨምሯል። ሙዙን ከታንኳው ላይ የምታነሳው እሷ ናት፤ አንድ በአንድ እየቆረጠች ጀርባዋ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ከረጢቱ ታችኛው ጥግ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ከዚህ ሆኜም ይታየኛል። ከሞላ በኋላ አነሳችው፣ ከበዳት፣ ሳቀችና «ኔልዳ፣ እዪኝ!» አለች።

ኔልዳ አየቻት። እኔም አየኋት፤ እየቀናሁ፣ ሳል እንዳላት ለማወቅ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ።

አልሳለችም።